ሦስት ለኪ፣ አንድ ሞገድ፦ ተራ ገብተው የሚለኩ ኤዲሲዎች እንዴት ይስተካከላሉ?

የእህቴ ልጅ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ይማራል። ለእረፍት ሐዋሳ የመጣ ዕለት ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ ላፕቶፑን ከፈተ። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን እይልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ» አለኝ። ስክሪኑ ላይ ስፔክትረም አለ፤ ምልክቱ ውስጥ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ፣ በመስመር የሚያሳይ ሥዕል ነው። እዚያ ላይ አንድ ረጅም መስመር ቆሟል። እሱ የሚጠበቅ ነው፤ ራሱ ያስገባው የ500 ኪሎኸርዝ ምልክት ነው። ከእሱ ራቅ ብሎ ግን ማንም ያልጠራቸው ሦስት አጫጭር መስመሮች አሉ። አንዱ 1.9 ሜጋኸርዝ ላይ፣ አንዱ 2.4 ላይ፣ ሌላው 2.9 ላይ። ልጁ የሬዲዮ ጣቢያ መስሎታል። ፍሪጁን ነቅሏል፣ ቻርጀሩን ነቅሏል፣ የሚለካበትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሏል። መስመሮቹ ንቅንቅ አላሉም።

ቁጥሮቹን ሳይ ነገሩ ከውጭ እንዳልመጣ ገባኝ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ኤዲሲዎች፣ ማለትም ቮልቴጅን ለክተው ቁጥር የሚሰጡ ለኪዎች፣ አሉ። እያንዳንዳቸው በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ጊዜ ይለካሉ። እሱ ተራ አስገብቷቸው በድምሩ 7.2 ሚሊዮን አድርጓል። 500 ኪሎኸርዝ ማለት 0.5 ሜጋኸርዝ ነው። አሁን አስሉት፦ 2.4 ሲቀነስ 0.5 ስንት ነው? 1.9። 2.4 ሲደመር 0.5? 2.9። መስመሮቹ አድራሻቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ሦስቱ ለኪዎች እኩል አይደሉም ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ በአማርኛ በደንብ ተብራርቶ አላገኘሁትም፤ እኔ ደግሞ በጣም የምወደው ርዕስ ነው። ስለዚህ ለእሱ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ያስረዳሁትን ለእናንተም ልጻፈው።

ኤዲሲ ማለት ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የሚቀይር ዕቃ ነው። ድምፅ፣ የሬዲዮ ሞገድ፣ የልብ ትርታ፣ ሁሉም መጀመሪያ ከፍ ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ቁጥር እንጂ ቮልቴጅ አያውቅም። ኤዲሲ በየተወሰነው ቅጽበት ቮልቴጁን ይይዝና «አሁን ይህን ያህል ነው» ብሎ ቁጥር ይሰጣል። ያች አንዲት ንባብ ናሙና ትባላለች። ናይኩዊስት በ1928፣ ሻነን ደግሞ በ1949 ባስቀመጡት ሐሳብ መሠረት አንድን ሞገድ ሳታዛባ ለመያዝ፣ ሞገዱ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ከሁለት እጥፍ በላይ ፈጥነህ መለካት አለብህ። ፈጣን ሞገድ ፈጣን ለኪ ይፈልጋል።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። አንድ ኤዲሲ ፍጥነትም ትክክለኛነትም አብዝተህ ስትጠይቀው ይደክማል። የሚበላው ኃይል ይበዛል፣ ከዚያም አልፎ ጭራሽ አልችልም የሚልበት ጣሪያ አለ። ታዲያ በ1980 ብላክ እና ሆጅስ የተባሉ ሁለት የበርክሌይ ተመራማሪዎች ቀላል የሚመስል ሐሳብ ይዘው መጡ፦ አንዱ ካልቻለ አራት ዘገምተኞችን ተራ አስገባቸው። አንደኛው ሲለካ ሌሎቹ የያዙትን ቆጥረው ይጨርሳሉ። ተራው እንደገና ሲደርሰው ዝግጁ ነው። ከውጭ ለሚያየው አንድ ፈጣን ኤዲሲ ይመስላል። ሐሳቡ የት እንደደረሰ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ2003 አጂለንት የተባለው ኩባንያ ለኦሲሎስኮፕ (ሞገድን በስክሪን ለሚያሳይ መለኪያ) የሠራው ቺፕ 80 ኤዲሲዎችን ተራ አስገብቶ በሰከንድ 20 ቢሊዮን ናሙና ይወስድ ነበር፣ በ8 ቢት፣ ማለትም ቮልቴጁን በ256 እርከን ከፍሎ። ቢት በጨመረ ቁጥር እርከኑ ይደቃል።

በጣም ደስ ይላል። ግን ሰማንያ ሰው አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ይጽፋል ብላችሁ ታስባላችሁ?

እስቲ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ እንምጣ። ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ዳርቻ ላይ ነን እንበል። የሞገዱን ከፍታ መመዝገብ ፈልገናል። ሦስት ጓደኛሞች ሴንቲሜትር የተሰመረበት እንጨት እንጨታቸውን ይዘው፣ ተጠጋግተው፣ አንድ ቦታ ላይ ውሃው ውስጥ ተክለዋል። አንድ ሰው እኩል እኩል ያጨበጭባል። በመጀመሪያው ጭብጨባ አንደኛው ያነባል፣ በሁለተኛው ሁለተኛው፣ በሦስተኛው ሦስተኛው፣ ከዚያ እንደገና አንደኛው። ንባቡ ሁሉ በተራ አንድ ደብተር ላይ ይጻፋል።

አሁን የአንደኛው እንጨት ትንሽ ወደ ጭቃው ጠልቆ ገብቷል። ስለዚህ ውሃው ምንም ይሁን ምን፣ እሱ ሁልጊዜ ሁለት ሴንቲሜትር አስበልጦ ያነባል። ይህ ኦፍሴት ነው። የሁለተኛው እንጨት መስመሮች ተቀራርበው ተሰምረዋል። ስለዚህ ሞገዱ ትልቅ ሲሆን ስህተቱም አብሮ ያድጋል። ይህ ጌይን ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንጨቱ ልክ ነው፣ ግን ጭብጨባውን ሰምቶ ዓይኑን እስኪያሳርፍ ቅንጣት ያህል ይዘገያል። ሁልጊዜ፣ በየተራው፣ ያችኑ ያህል። ይህ የጊዜ መዛነፍ ነው፤ በሙያው ስኪው ይሉታል።

የኦፍሴቱን ስህተት ተመልከቱት። በየሦስተኛው ንባብ እየተመለሰ ይመጣል። ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቶ ቢቆም እንኳ ደብተሩ ላይ ከፍ፣ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ፣ ዝቅ የሚል ንድፍ ይሠራል። የሚደጋገም ነገር ደግሞ ራሱ ሞገድ ነው። የእህቴ ልጅ 2.4 ሜጋኸርዝ ላይ ያየው መስመር ይኸው ነው፤ የ7.2 ሲሶ። «እስቲ ምልክቱን ንቀለው» አልኩት። ነቀለው። 1.9 እና 2.9 ጠፉ፣ 2.4 ግን እንደቆመ ነው። ኦፍሴት ለመኖር ምልክት አያስፈልገውም።

የጌይኑ ስህተት እንዲህ አይደለም። እሱ ምልክቱን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። በየተራው የሚደጋገመው ንድፍ ከምልክቱ ጋር ስለሚባዛ፣ የሁለቱ ፍሪኩዌንሲ ድምርና ልዩነት ላይ የምልክቱ ጥላ ይወለዳል። 1.9 እና 2.9 ጥላዎች ናቸው። የጊዜው መዛነፍም ጥላውን የሚጥለው በትክክል እዚያው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ጥላውን አይቶ ብቻ ጥፋቱ የጌይን ይሁን የጊዜ መለየት አይቻልም። ሁለቱን የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሞገዱ ሲፈጥን ጥላው ያድጋል ወይ?

ስለ ጊዜው ትንሽ ልቆይ። ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ጠዋት ሐይቁ ሲረጋ ሦስተኛው ጓደኛ መዘግየቱን ማንም አያውቅም። ውሃው ስላልተንቀሳቀሰ ዘግይቶ ቢያነብም ያው ቁጥር ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳና ሞገዱ ሲፈጥን ግን፣ እሱ ዓይኑን እስኪያሳርፍ ውሃው ሌላ ቦታ ደርሷል። የስህተቱ መጠን ውሃው የሚወጣበት ፍጥነት ሲባዛ በመዘግየቱ ነው። በዝግታ ስትፈትነው ንጹሕ የሚመስል ዕቃ፣ ዋናው ሥራ ላይ ሲገባ ይዋሻል።

በቁጥር እንየው። አንድ ፒኮሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ብርሃን እንኳ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚጓዘው 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አሁን አንዱ ኤዲሲ በአንድ ፒኮሰከንድ ዘገየ እንበል። ምልክቱ 10 ሜጋኸርዝ ከሆነ ትልቁ ስህተት የ12 ቢት ኤዲሲ አንዲት እርከን አንድ ስምንተኛ ያህል ነው፤ የሚታይ አይደለም። ምልክቱ 1 ጊጋኸርዝ ሲሆን ግን ያው አንድ ፒኮሰከንድ 13 እርከን ያህል ያዛንፋል። መዛነፉ በብዙ ኤዲሲዎች መካከል በአማካይ አንድ ፒኮሰከንድ ሲሆን፣ በዚያ ፍጥነት ምልክቱ ከስህተቱ የሚበልጠው በ44 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ዴሲቤል የምልክቶችን ጥንካሬ ማነጻጸሪያ ነው። ይህም ወደ 7 ቢት ነው። ባለ 12 ቢት ብለህ የገዛኸው ዕቃ 7 ቢት ሆኖ ይሠራል ማለት ነው፣ ለዚያውም አንድም ነገር ሳይበላሽ።

«ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ እኩል አድርገው አይሠሯቸውም?» ብሎ ጠየቀኝ ልጁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ አይቻልም። ሁለት ትራንዚስተሮች በአንድ ቺፕ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ ንድፍ ቢሠሩም መንትያ አይሆኑም። አንዱ ውስጥ የገቡት አቶሞች ቁጥርና አቀማመጥ ከሌላው ይለያል። ፔልግሮም እና ባልደረቦቹ በ1989 እንዳሳዩት ይህ ልዩነት የሚቀንሰው ከትራንዚስተሩ ስፋት ስኩዌር ሩት ጋር ነው። ልዩነቱን በግማሽ ለመቀነስ ስፋቱን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ስፋቱ ሲጨምር ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የሚበላው ኃይል ይጨምራል። ፍጥነት ፍለጋ ተነስተህ ፍጥነትህን ከፍለህ ትመለሳለህ። በዚያ ላይ ሙቀቱ ይለዋወጣል፣ የኃይል ምንጩ ይዋዥቃል፣ ቺፑ ያረጃል። ዛሬ እኩል የነበሩት ነገ እኩል አይደሉም።

ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ለኪዎቹ እንደፈጠራቸው ይሁኑ፣ ብቻ የእያንዳንዳቸውን ጉድለት እንወቅ፣ ካወቅን በኋላ በቁጥር እናርመዋለን። ካሊብሬሽን የሚሉት ይህንን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሬ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማረሙ ቀላል ነው። ኦፍሴት መቀነስ ነው፣ ጌይን ማባዛት ነው። ከባዱ ጉድለቱን ከምልክቱ መለየት ነው። ኤዲሲው የሚያየው ሁለቱን ተደባልቀው ነው። የማታውቀው ምልክት እየገባ፣ የማታውቀው ጉድለት አብሮ እየገባ፣ «ይህ የሐይቁ ነው፣ ይህ የእንጨቱ ነው» ብለህ መፍረድ አለብህ። ከዚህ በታች የምጽፈው ዘዴ ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ነው።

ቀላሉ መንገድ ሥራ አቁሞ መፈተን ነው። ምልክቱን ነቅለህ የምታውቀውን ምልክት ታስገባለህ። የሚገባውን ስለምታውቅ የተረፈው ሁሉ የኤዲሲው ጉድለት ነው። ኦሲሎስኮፕ «ራስህን አስተካክል» የሚል ምርጫ ሲኖረው ይህንኑ ያደርጋል፤ ጥቂት ትጠብቀዋለህ፣ ያበቃል። የሞባይል ማማ ላይ ያለ መቀበያ ግን «አንድ ጊዜ ልፈተን ነው፣ ስልካችሁን ዝጉ» ሊል አይችልም። ስለዚህ እየሠራ ራሱን ማስተካከል አለበት። በ1998 ዴቪስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስቴፈን ልዊስ እና ፖል ኸርስት ያሉበት ቡድን በሰከንድ 40 ሚሊዮን ናሙና የሚወስድ ባለ 10 ቢት ኤዲሲ ላይ ይህን በዲጂታል መንገድ ሠርተው አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ መስኩ በጣም ሰፍቷል።

ኦፍሴትን እንውሰድ። እያንዳንዱ ለኪ የራሱን ንባብ ለረጅም ጊዜ ይሰበስብና አማካዩን ያወጣል። ሞገዱ ከፍ ዝቅ ስለሚል በአማካዩ ውስጥ ይጣፋል፣ የሚቀረው የእንጨቱ ጥልቀት ነው። የሦስቱን አማካይ እኩል ታደርጋለህ፣ አለቀ። የእህቴ ልጅ ቁጭ ብሎ ሲያሰላ 2051፣ 2043 እና 2056 አገኘ። ቀነሰ። 2.4 ላይ ያለው መስመር እዚያው ተኛ። ልጁ ከወንበሩ ተነሳ!

«ቆይ» አልኩት። «አሁን 2.4 ሜጋኸርዝ የሆነ እውነተኛ ምልክት ቢመጣ ምን ይፈጠራል?» ዝም አለ። እናንተም አስቡት። እያንዳንዱ ለኪ ተራው የሚደርሰው በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ጊዜ ነው። ሞገዱም በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ ለኪው ባየ ቁጥር ሞገዱ ሁልጊዜ እዚያው ከፍታ ላይ ነው። ለእሱ ሐይቁ ቆሟል። «እንጨቴ ጠልቋል» ይልና ምልክቱን ራሱን ቀንሶ ይጥለዋል። ትክክለኛ መረጃ እንደ ጉድለት ተቆጥሮ ጠፋ።

መፍትሔው በጣም ያምራል። ከኤዲሲው በፊት ምልክቱን በዘፈቀደ ትገለብጠዋለህ፤ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ በተቃራኒው፣ ሳንቲም እየወረወርክ እንደማለት። ምልክቱ ሲገለባበጥ አማካዩ ዜሮ ይሆናል፣ የፈለገውን ፍሪኩዌንሲ ቢሆን። ኦፍሴቱ ግን የኤዲሲው የራሱ ስለሆነ አይገለበጥም። አማካዩ ላይ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው። ከቀነስከው በኋላ ያንኑ የሳንቲም ቅደም ተከተል ይዘህ ምልክቱን ወደ ቦታው ትመልሰዋለህ። ለምልክቱና ለጉድለቱ የተለያየ ልብስ አለበስካቸው ማለት ነው።

ጌይን ላይ ብዙ አልቆይም። የእያንዳንዱን ለኪ ንባብ ስኩዌር አድርገህ አማካዩን ታወዳድራለህ። አንደኛውን መመዘኛ አድርገህ ሌሎቹን እኩል እስኪሆኑ ታባዛለህ። እዚህም ወጥመድ አለ፤ ምልክቱ በአንድ ለኪ ፍጥነት ግማሽ ላይ ከተቀመጠ፣ በልጁ ሰሌዳ 1.2 ሜጋኸርዝ ማለት ነው፣ እያንዳንዱ የራሱን የሞገድ ነጥብ ብቻ እያየ ስለሚኖር እኩል ሆነው ሳሉ ይለያያሉ። በአጋጣሚ የሚመጣ ነው፣ ግን ሲመጣ ማስተካከያውን ራሱን ያሳብደዋል።

ጊዜውስ? ዘግይቶ ያነበበ ሰው ደብተሩ ላይ የጻፈው ቁጥር ብቻ ነው ያለን። መዘግየቱን በምን እናውቃለን?

አንዱ መንገድ ይህ ነው፣ እኔም በጣም የምወደው እሱን ነው። ውሃ በረጅም ጊዜ ውስጥ ብዙ ይንቀሳቀሳል፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጥቂት። ሁለተኛው ቢዘገይ በአንደኛውና በሁለተኛው ንባብ መካከል ያለው ክፍተት ይረዝማል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ያጥራል። ስለዚህ የጎረቤታሞችን ንባብ ልዩነት ስኩዌር እያደረግክ ለረጅም ጊዜ አማካዩን ብትይዝ፣ በአንደኛው ወገን በዝቶ በሌላው አንሶ ታገኘዋለህ። የትኛው እንደዘገየና ወደየት መግፋት እንዳለብህ ነገረህ። ሰዓት አላየህም፣ ጭብጨባ አልሰማህም፣ የውሃውን ባሕርይ ብቻ ነው የተጠቀምከው። እርግጥ ነው መጀመሪያ ኦፍሴቱና ጌይኑ መታረም አለባቸው፣ አለዚያ እነሱም ልዩነት ውስጥ ገብተው ያሳስቱሃል።

ሌላው መንገድ አንድ ታዛቢ መጨመር ነው። ታዛቢው ዋናው ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ በየጊዜው እየዞረ አንዴ ከአንደኛው ጋር፣ አንዴ ከሁለተኛው ጋር፣ አንዴ ከሦስተኛው ጋር በአንድ ቅጽበት ያነባል። ኤል-ቻማስ እና ሙርማን በ2011 ስታንፎርድ ላይ ይህን ሐሳብ በሰከንድ 12 ቢሊዮን ናሙና በሚወስድ ባለ 5 ቢት ኤዲሲ ላይ ሠሩት። የሚገርመው ታዛቢው ጎበዝ መሆን የለበትም። ቮልቴጁ ከመሃል በላይ ነው ወይስ በታች፣ ይህን ብቻ ቢናገር ይበቃል። የእሱን «በላይ፣ በታች» ከለኪው ቁጥር ጋር እያባዛህ ትደምራለህ፤ ሁለቱ በትክክል በአንድ ቅጽበት ሲያነቡ ስምምነታቸው ከሁሉም ይበልጣል። ሲዛነፉ ይቀንሳል። እንግዲህ የለኪውን ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ እያደረግክ ስምምነቱ ጫፍ የሚደርስበትን ቦታ ትፈልጋለህ። ሁሉም ከአንድ ታዛቢ ጋር ከተስማሙ እርስ በርሳቸውም ተስማሙ።

መዘግየቱ ሲታወቅ የሚታረምበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ ከሥሩ፣ ክሎኩ ላይ፤ ክሎክ ኤዲሲው መቼ እንደሚለካ የሚነግረው ምት፣ የሐይቁ ዳር ጭብጨባ ነው። ወደ እያንዳንዱ ኤዲሲ የሚሄደው የክሎክ ሽቦ ላይ በጣም ትናንሽ ካፓሲተሮች ይደረደራሉ። አንዱን ስታበራ ክሎኩ ከአንድ ፒኮሰከንድ በታች በሆነ መጠን ይዘገያል። ቀዳሚውን አዘግይተህ ከኋለኛው ጋር ታገናኘዋለህ። ሌላው በኋላ፣ በስሌት። ውሃው በዚያ ቅጽበት በምን ፍጥነት እየወጣ እንደነበር ከጎረቤት ንባቦች ታሰላለህ፣ በመዘግየቱ ታባዛለህ፣ ከንባቡ ትቀንሳለህ። እኔ ከቻልኩ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ አንዴ ከተስተካከለ በየናሙናው ስሌት አይጠይቅም። ሁለተኛው ግን ቺፑ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላም፣ እንደ ልጁ ባለ ሰሌዳ ላይም የሚሠራ ነው።

እርማቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይደረግም። ክራር የሚቃኝ ሰው ችንካሩን አንዴ ጠምዝዞ አይተወውም፤ ጥቂት ያዞራል፣ ያዳምጣል፣ ጥቂት ይመልሳል። እዚህም እንዲሁ ነው። በየዙሩ ስህተቱን በትንሽ ቁጥር አባዝተህ ትገፋለህ። ያ ቁጥር ከበዛ ማስተካከያው ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ አዲስ ኖይዝ (ዝብርቅርቅ ሁከት) ይፈጥራል። ካነሰ ደግሞ ቦታው እስኪደርስ ብዙ ትጠብቃለህ። ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው፣ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ዘገም ማለቱ ያዋጣል።

አንድ አራተኛ ጉድለት ደግሞ አለ። ሦስቱ እንጨቶች እያንዳንዳቸው ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ቱቦ ውስጥ ቆመዋል ብላችሁ አስቡ። የአንዱ ቀዳዳ ጠበብ ካለ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ከውጭው ሞገድ ዘግይቶ ይወጣል፣ ጫፉም ድረስ አይደርስም። ሞገዱ ሲዘገም ልዩነት የለም፣ ሲፈጥን ግን መዘግየቱም ማነሱም አብሮ ይለወጣል። ኤዲሲ ላይ ቱቦው የመግቢያው ሬዚስተርና ካፓሲተር ነው። ባንድዊድዝ አልተመጣጠነም ይባላል። እዚህ ላይ በአንድ ቁጥር መቀነስም ማባዛትም አይበቃም፤ ለየፍሪኩዌንሲው የተለያየ እርማት የሚሰጥ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ጥሩ ዲዛይን የሚሠሩ ሰዎች ቀዳዳውን መጀመሪያውኑ ሰፋ የሚያደርጉት። ምልክቱ ከሚፈልገው በላይ ከሰፋ የሦስቱ ልዩነት ቢኖርም አይጎዳም።

ሳላነሳው የማላልፈው ሌላ ብልሃትም አለ። አራተኛ ጓደኛ ጨምር፣ ከዚያ ተራውን በቅደም ተከተል ሳይሆን ካረፉት መካከል በዘፈቀደ ምረጥ። ስህተቱ አልጠፋም፣ ግን በየሦስተኛው መደጋገሙ ቀረ። ስለዚህ ሹል መስመር መሆኑ ይቀርና በስፔክትረሙ ሁሉ ላይ እንደ ስስ ኖይዝ ይበተናል። ደካማ የሬዲዮ ምልክት ለሚፈልግ ሰው አንድ የውሸት መስመር ከማየት ይህ ይሻለዋል። እኔ ግን እንደ ማሟያ እንጂ እንደ ፈውስ አላየውም፤ የተበተነው ስህተት ድምሩ ያው ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ኦፍሴቱ ተቀንሷል። ጌይኑን አባዛ፤ 1.9 እና 2.9 ላይ ያሉት ጥላዎች በጣም አጠሩ፣ ግን አልጠፉም። «አሁን ምልክቱን ወደ 1 ሜጋኸርዝ ውሰደው» አልኩት። ጥላዎቹ ወደ 1.4 እና 3.4 ተዛወሩ፣ ቁመታቸውም እጥፍ ገደማ ሆነ። አየኝ። «ጊዜው ነው» አለ፣ ሳልነግረው።

የጎረቤታሞቹን ልዩነት አስልቶ ሁለተኛው ኤዲሲ አንድ ናኖሰከንድ ገደማ እንደሚዘገይ አገኘ። ፍጥነቱን የሚያሰላ አጭር ማጣሪያ ጻፈ፤ ወደፊት ካለው ናሙና ወደኋላ ያለውን ቀንሶ ለሁለት የሚያካፍል፣ በቃ። በመዘግየቱ አባዝቶ ቀነሰ። በ500 ኪሎኸርዝም በ1 ሜጋኸርዝም ጥላዎቹ ኖይዙ ውስጥ ሰመጡ። ምልክቱን ወደ 3 ሜጋኸርዝ ሲገፋው ግን ተመልሰው ብቅ አሉ። ሞገዱ በዚያ ፍጥነት በሁለት ናሙናዎች መካከል በጣም ስለሚታጠፍ፣ ሁለት ጎረቤት ብቻ እያየ ፍጥነቱን በትክክል መገመት አይቻልም። አሁን ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ማጣሪያውን ከ3 ወደ 11 ቁጥር እያስረዘመ ነው፤ ሻንጣው ገና አልተፈታም።